ቦቢ ሲጠራ

አቶ ፍሰሃጽዮን ማለት ጡረታ የወጡ የችሎት ስም ጠሪ፣ የልደታ ነዋሪ፣ ሌላውን የሚጠሩ እንጂ ራሳቸው ሲጠሩ የማይመጡ ሰው ናቸው።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በቤታቸው የቀረው ነፍስ ውሻቸው ቦቢ ብቻ ነበር። በሰዓት እላፊ የሚተኮስ ጥይት ሰውና ውሻ አይለይምና፣ አመሻሽ ላይ ደጃፋቸው ቆመው እንደ ችሎቱ ደንብ ሦስት ጊዜ ይጣሩ ነበር። ቦቢ ግን ከጎረቤታቸው ከነፊሳ ደጅ አጥንቱን እንደያዘ ጆሮውን ብቻ ያነሳል።

«ጋሽ ፍሰሃ፣ ተከሳሽ አስመሰሉት እኮ! እንዲህ ከጠሩትማ እኔም እደበቃለሁ» አለቻቸው ነፊሳ። «ለስለስ ብለው ይጥሩት፤ ሲመጣም የሚቀምሰው ይስጡት። ደግሞ እርስዎም አንድ ቀን ይምጡና ራት ይብሉ።»

«የእናንተን ሥጋ አልበላም፤ ክርስቲያን ነኝ» አሉ እንደ ልማዳቸው።

ዳቦ በኪሳቸው ይዘው ልምምድ ጀመሩ። ያን ለስላሳ ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰሙት ባለቤታቸው ስለነበሩ፣ መጀመሪያ ላይ «ና» ብለው ስሙን ሳይጨርሱ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር።

አንድ ምሽት «ና ቦቢዬ» አሉ፤ ቦቢ አጥንቱን ጥሎ መጣ። ዳቦውን ሲሰጡት ነፊሳ ከደጇ ተጣራች።

«ጋሽዬ፣ እርስዎም ይምጡ! ዛሬ ሽሮ ነው።»

አቶ ፍሰሃጽዮን ሁለተኛ ጥሪ ሳይጠብቁ ሄዱ፤ ቦቢም ተከተላቸው።