ሰዋስው የማያውቅ ጭራቅ

ስለ ጭራቅ ጠንካራ አቋም አለኝ። ጭራቅ ሥራ አለው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራውም ልጅ ማረም ነው። እኔ ባደግኩበት በጨንቻ በሚነገረው ተረት ጭራቁ የሚበላው «አትውጣ» ተብሎ የወጣውን ልጅ ነው። ታዛዡን አይነካውም። የዛሬው የፊልም ጭራቅ ግን መርህ የለውም። ሴት ልጄ በስልኳ ስታይ ከኋላዋ ቆሜ አንድ ሁለቱን ተመልክቻለሁ። ሰካራሙን ይበላል፤ ሐኪሙንም ይበላል፤ ቁጭ ብላ የምትጸልየውን አሮጊት ሳይቀር ይበላል።

«ይሄ ምን ያስተምራል?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ምንም አያስተምርም አባዬ። ያስፈራል።»

ሰውን ያለ ምክንያት ማስፈራት ሳይሠሩ ደመወዝ እንደመቀበል ነው አልኳት። ብዙ ነገር አልኳት። እሷ ፊልሙን አጥፍታ እስክጨርስ ጠበቀችኝና ተነስታ ሄደች። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የምታደርገው፤ እኔም እንደተስማማች እቆጥረው ነበር።

እዚሁ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ባለፈው ወር አንድ ቀን ወደ ቤት መጥታ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች በሚያዘጋጁት የሥነ ጽሑፍ ዝግጅት ላይ አጭር ልብ ወለድ እንድታነብ መመረጧን ነገረችን። ሰው ፊት ስታነብ የመጀመሪያዋ ነው። ደስታዋን ለመደበቅ ስትሞክር እናቷ አቀፈቻት። እኔ ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ስለ ጭራቅ» አለች።

«መጀመሪያ እኔ እሰማዋለሁ። ትምህርት ከሌለው አታነቢውም።»

ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «እሺ» አለች።

ይህን ሥልጣን ከየት አመጣኸው የሚለኝ ቢኖር መልስ አለኝ። ትምህርት ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። ቀሪውን ሲቀላ ሰፈር ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ፣ ከመንገድ ዳር አዟሪዎች በገዛኋቸው መጻሕፍት ራሴን አስተማርኩ። አማርኛ የእናቴ ቋንቋ አይደለም። ከደጋ የወረድኩት ጋሞኛ ብቻ ይዤ ነው፤ አማርኛን ጣውላ እየላግሁ ነው የተማርኩት። ስለዚህም በቋንቋው ከተወለዱት ይልቅ እኔ ጥብቅ ነኝ። ጎረቤቴ ያለው ጸጉር አስተካካይ በማስታወቂያው ላይ «ጸ»ን በ«ፀ» ጽፎ ነበር፤ እስኪያስቀይረው ድረስ እንቅልፍ አልሰጠሁትም። አሁን እኔን ሲያይ መጋረጃ ይዘጋል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀመጥን። እናቷ አጠገባችን የሽፈራው ቅጠል ትሸመጥጣለች። ልጄ ከስልኳ ማንበብ ጀመረች።

ታሪኩ አንዲት ልጅና ታናሽ ወንድሟ ከእናታቸውና ከአንድ ጭራቅ ጋር ስለሚኖሩበት ቤት ነው። ይህ ጭራቅ ቀንድም ጅራትም የለውም። ጠዋት ይወጣል፤ ሲመሽ ይመለሳል። የግቢውን በር ሳይከፍት በፊት ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያንን ድምፅ ሲሰሙ ልጆቹ ወንበሮቹን ያስተካክላሉ፤ ሳቃቸው አፋቸው ውስጥ ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር፣ ፈራሁ። የተቀመጥኩበትን ዱካ ጠርዝ ይዣለሁ። ይህች ልጅ መጻፍ ትችላለች አልኩ በልቤ፤ በእኔ መውጣቷ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ጭራቁ ገባ። ወደ ልጅቷ ዞሮ «ና ወዲህ» አላት።

ጣቴን አነሳሁ። «እዚህ ጋ ስህተት አለ። ለሴት ልጅ ‹ነይ› ነው የሚባለው።»

«ጭራቁ እንደዚያ ነው የሚናገረው አባዬ።»

«ጭራቅም ቢሆን ሰዋስው ማወቅ አለበት። ሰው ያልተማረች የሚለው አንቺን ነው፣ እሱን አይደለም።»

«ሲቆጣ ብቻ ነው የሚሳሳተው። ካልተቆጣ አማርኛው ጥሩ ነው።»

እናቷ አጎንብሳ ማሳል ጀመረች። የቅጠሉ ብናኝ መስሎኝ ነበር።

«ለመሆኑ የየት አገር ጭራቅ ነው?»

«ከደጋ የወረደ ነው» አለች ልጄ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።

እዚህም ላይ አልገባኝም። የደጋ ሰው ጨዋ ነውና ጭራቁን ከሌላ ቦታ አምጪው ብዬ መከርኳት። በጎን በኩል የእናቷ ሳል ባሰ።

ልጄ ቀጠለች። ጭራቁ የልጅቷን መምጣት ሳይጠብቅ ቀጥ ብሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። መዳፉን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ቆመ። ሞቆ እንደሆነ እያየ ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። በዚህ ከተማ ሌላ ማን እንደሚያደርገው አላውቅም፤ በእኛ ቤት ግን ይህን የማደርገው እኔ ነኝ። የድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ከተሸጠ በኋላም፣ በአዲሱ ስስ ቴሌቪዥን ላይ እጄን አሳርፌ እቆማለሁ። «ና» የምለውም እኔው ነኝ። በጋሞኛ ለወንድም ለሴትም የሚባለው አንድ ነው፤ ስቆጣ መጻሕፍቱ ሁሉ ከአፌ ይጠፋሉ።

ልጄ አላቆመችም። ማቆሙ ሳይከብዳት አልቀረም። ልጆቹ ጭራቁ ከመድረሱ በፊት ቴሌቪዥኑን በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዙት ነበር። ይህን አላውቅም ነበር። እኔ ያንን ቀዝቃዛ ቴሌቪዥን ዳስሼ እየወጣሁ፣ የእኔ ልጆች በሥራ ቀን ቴሌቪዥን አይከፍቱም እያልኩ ጎረቤት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ምክሬን ሰምተው በልጆቻቸው ላይ የጨከኑ አባቶች አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው አያስቅም። ልጅቷ ከዛፍ ወድቃ የእጇ አንጓ አበጠ። ዛፍ መውጣት የተከለከለ ነው። ራት ላይ ጭራቁ እጇን እንዳያይ አልራበኝም ብላ ጾሟን አደረች። በማግስቱ እሱ ሲወጣ እናቷ በስውር ወጌሻ ጋ ወሰደቻት።

የልጄን እጅ አየሁ። «ይሄ ልብ ወለድ ነው?»

«አብዛኛው።»

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «ወለምታ ነበር፤ ድኗል» አለች። «እኔን አትየኝ።»

ልጄ ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «ትምህርቱን አላገኘሁለትም አባዬ። ላንብበው ወይስ ልተወው?»

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር፤ ተዪው ብላት ትተወዋለች። የቤት ገመና አይወጣም የሚለው፣ አባትና እናትህን አክብር የሚለው፣ ሁሉም ምላሴ ላይ ተሰልፎ ነበር። ሁሉም ደግሞ እውነት ነው። ግን እዚያው ማንጎው ሥር፣ ከእሷ ፊት ተቀምጬ፣ የምትፈራው መከልከሌን እንደሆነ አየሁ፤ ፍርሃቷም ታሪኩ ላይ ከተጻፈው ምንም የተለየ አልነበረም።

«አንብቢው» አልኩ። «‹ና›ውንም አትንኪው።»

ደስ አላትና ወዲያው ደግሞ አቀረቀረች። «አንድ ነገር ግን አለ። እርስዎ ባይመጡ።»

«ለምን?»

«እርስዎን ካየሁ ድምፄ ይጠፋል።»

እሺ አልኳት።

ቅዳሜ እናቷ ብቻዋን ሄደች። እኔ ሥራ ቤት ገብቼ አንዱን ጣውላ ስልገው ስልገው ከጥቅም ውጭ አደረግሁት። ቤት ስመለስ ከእነሱ ቀድሜ ደርሻለሁ። ሲመጡ ምንም ላልጠይቅ ቆርጬ ነበር፤ መጠየቅ ሥራው ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ልጄ ዱካውን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና ራሷ ጀመረች። በእርጥብ ጨርቁ ስቀዋል። እጇ ጋ ስትደርስ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ሲያልቅ አንድ ተማሪ መጥቶ፣ «የእኔ አባት ደግሞ ስልኬን አንስቶ በጉንጩ ሙቀቱን ይለካል» ብሏታል። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ሌሎችም አባቶች እንዳሉ ማወቅ ደግ ደስታ አይደለም፤ ግን ደስ አለኝ።

«ሁለተኛውን ልጽፍ ነው» አለች። «ጭራቁ ራሱ ምን እንደሚፈራ። እርስዎ ምን ይፈራሉ?»

«እግዚአብሔርን።»

«እሱንማ ሁሉም ይፈራል። ሌላ።»

እንዲህ ያለ መልስ ስሰጣት ተነስታ ትሄድ ነበር። አሁን አልተነሳችም። ጠበቀችኝ።

«አዞ» አልኳት።

ከጨንቻ ወርጄ ገና ሥራ ስጀምር ጓደኞቼ ጫሞ ሐይቅ ውስጥ ስላለው ነገር አውርተውልኝ፣ ከዚያ ወዲህ ወደ ዳርቻው ደርሼ እንደማላውቅ ነገርኳት። ዓሣውንም ሳየው ማን ሲያሳድደው እንደኖረ ነው የሚታየኝ። ዓሣ ላለመብላት ሆዴን ያመኛል የምለው ውሸት ነው።

ባለቤቴ ከማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሰምታናለች። «ዓሣ በተሠራ ቁጥር ለብቻህ ሽሮ ስሠራልህ የኖርኩት አዞ ፈርተህ ነው?»

«አዎ።»

ልጄ ስልኳን አውጥታ መጻፍ ጀምራለች። «ቀስ ብለው ይንገሩኝ» አለች።

ቀስ ብዬ ነገርኳት።