በደጃችን የነበረው ጤና አዳም

በ2015 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፣ ልጄ ቤዛ ጥርሷን ስትቦርሽ ደም ተፋች። ቀላል መሰለን። ቤዛ በልጅነቷ ቶንሲል ልቧን ጎድቶባት ሰው ሠራሽ ቫልቭ ተገጥሞላታል። ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ክኒን በየቀኑ ትወስዳለች።

በዚያው ሰሞን ደጃችን ላይ የበቀለውን ጤና አዳም እያፈላች ጠዋት ማታ ትጠጣ ጀምራ ነበር። “ፍላቮኖይድ የሚባል ነገር አለው፤ ለልብ ጥሩ ነው ይላል፣ ስልኬ ላይ አነበብኩ” አለችኝ። ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩት እትዬ ዘነቡ፣ “አንቺ ልጅ፣ እንደ ፍየል ጨረስሽው እኮ! ለእኔ ቁርጠት ምን ልታስቀሪልኝ ነው?” ብለው ቀለዱባት። ሳቅን። ከልጅነታችን የምናውቀው ቅጠል ነው፤ ማንም አልጠረጠረውም።

እሑድ ለቅዳሴ ስንለብስ ነሰራት። ነጠላዋ ቀላ። አልቆመም። ወደ ሆስፒታል ታክሲ ያዝን። ቃሊቲ ላይ ከባድ መኪኖች መንገዱን ሞልተውት ነበር። አላለቀስኩም። ጸሎትም አልመጣልኝም። እጇን ብቻ ያዝኩ።

ደሟ ተመረመረ። ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው አይ ኤን አር ከሚገባው በላይ ወጥቶ ነበር። የተቀበለችን ዶክተር ጎንበስ አለችልኝ። “እናት፣ ደሙ እንዲቆም እንፈልጋለን፤ ቫልቩ ላይ እንዲረጋ ግን አንፈልግም። ጭንቅላቷ ውስጥ እንዳይፈስ ነው የምፈራው” አለችኝ። ምንም አልተሰማኝም። ወንበሩ ቀዝቃዛ ነበር። እሱን አስታውሳለሁ።

ደም እንዲረጋ የሚረዱ ፕላዝማና በጥቂቱ ቫይታሚን ኬ ሰጧት፤ ነስሩ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ፣ የጭንቅላቷ ሲቲ ስካንም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዶክተሯ የተለየ ነገር ወስዳ እንደሆነ ስትጠይቃት ቤዛ ስለ ቅጠሉም ስለ ፍላቮኖይዱም ነገረቻት። አልተቆጣቻትም።

“ፍላቮኖይድ የአንድ ነገር ስም አይደለም፤ የትልቅ ቤተሰብ ስም ነው። መሠረታቸው ይመሳሰላል፤ እላዩ ላይ የተያያዘው ነገርና የተያያዘበት ቦታ ግን ሥራቸውን ይለውጠዋል። ጤና አዳም ውስጥ ያለው ሩቲን ስኳር ተያይዞበታል፤ እንደዚያ ሆኖ በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። አንጀት ውስጥ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ሲቆርጡት ኩዌርሴቲን ይሆናል። እሱ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ዋርፋሪንን ከሰውነት የሚያስወግደውን ኢንዛይም ሊያዳክም ይችላል፤ ያኔ ዋርፋሪኑ ደምሽ ውስጥ ይበዛል። ቅጠሉ ሌላም ብዙ ነገር አለው፤ የትኛው እንደጎዳሽ በእርግጠኝነት አልነግርሽም።”

“ታዲያ ስልኩ ዋሸኝ?”

“አልዋሸሽም። የጻፈው ሰው ግን አንቺን አያውቅሽም።”

ይህን የጻፍኩት እንደ እኔ ቫልቭ የተገጠመለት ልጅ ላላችሁ ነው። ቅጠልም ይሁን ሥር፣ ጾም ሲገባ የሚለወጠውም ምግብ ቢሆን፣ አስቀድማችሁ ለሐኪም ንገሩ፤ ክኒኑንም በራሳችሁ አታቋርጡ። ጸሎት ባልመጣልኝ ሰዓት ያልተወኝ እግዚአብሔር ይመስገን። የዶክተሯንም እጅ ይባርክልኝ።

ቤታችን በገባን ማግስት ጠዋት፣ ቤዛ ተኝታ ሳለ፣ ጤና አዳሙን ከነሥሩ ከነአፈሩ ቆፍሬ አወጣሁና እትዬ ዘነቡ ደጅ ወስጄ ተከልኩት። “ምነው፣ ምን አጠፋ?” አሉኝ።

“ምንም አላጠፋም” አልኳቸውና ውኃ አጠጣሁት።