ለደካማው ዳይስ ሥራ የሚሰጡት አጎቴ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ይሠሩበት የነበረው ቤት ልጆች ሲሰለቻቸው የሰጧቸው አንድ የሰሌዳ ጨዋታ ነበራቸው። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በዐረብ አገር፣ ዐቅረቢያ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ክፍላቸው እንጫወተው ነበር። በጨዋታው የጥንት ዘመን ግንብ ይገነባል፣ እርሻ ይለማል፤ ሠራተኞቹ ዳይሶች ናቸው፤ ትልቅ ቁጥር የወጣለት ዳይስ ብዙ ያመርታል። እርሳቸው ግን ሁልጊዜ አንድ ቁጥር የወጣለትን አስቀድመው ሥራ ያስይዙታል።

«አጎቴ፣ ስድስቱ ቆሞ አንዱን? እንዲህማ ይሸነፋሉ!»

«ዝም በል! እንደ አሠሪዬ ካፊል ሆንክብኝ እንዴ? ደካማው ቀድሞ ይግባ፤ ጠንካራው ሥራ አያጣም።»

ይሸነፉ ነበር፤ እየሣቁ።

ከቀበርናቸው በኋላ ደሴ ያለችው ልጃቸው ጨዋታውን እንድልክላት ጠየቀችኝ። ሦስት ጊዜ እሺ ብዬ ሦስት ጊዜ አስቀረሁት። ሳጥኑን እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ፤ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ ወዲያው ተመልሼ እገባለሁ። በመጨረሻ የልጅን ውርስ ማቆየት ግፍ መሰለኝና ወደ አገር ለምትገባ ጎረቤቴ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ድረስ ወስጄ ሰጠኋት።

ትናንት ልጃቸው እንደ ደረሳት ነገረችኝ፤ አመሰገነችኝም።

«ለመጫወት ስንት ሰው ያስፈልጋል?» አለችኝ።

«ሁለት» አልኳት።