ማሽኑ እስኪጮኽ

ልጅ ሳለሁ እኔና እናቴ ቡራዩ ውስጥ ተከራይተን የምንኖርበት ግቢ ባለቤት ኦቦ ጉደታ ይባሉ ነበር። ከአዲስ አበባ ያስወጣን የቤት ኪራይ ነው። እናቴ በጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ከተማ ሥራ ትሄድና ሲመሽ ድክም ብላ ትመለሳለች፤ እስከዚያ ድረስ እኔ የኦቦ ጉደታ ልጅ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሚስታቸው ቀደም ብለው ስላረፉ ቤቱ ውስጥ የቀሩት እሳቸውና አንድ ልጃቸው ሌሊሳ ብቻ ነበሩ። ያኔ መብራት የማይጠፋበት ምሽት ብርቅ ነበርና፣ ጓሮ ባለችው ጭስ የጠገበች ጎጆ ውስጥ የባሕር ዛፍ ግንድ ይነድዳል፣ ኩራዝ ይለኮሳል፣ ተረት ይመጣል። ብቻውን ግን አይመጣም። ተረቱን የሚያስጀምረውም የሚያቋርጠውም ቼዝ የሚጫወት ማሽን ነበር።

ማሽኑን ያመጡት ራሳቸው ኦቦ ጉደታ ናቸው። ሆለታ አንድ አበባ እርሻ ላይ ጥበቃ ሆነው ሲሠሩ፣ አገሩ ሊገባ ዕቃውን የሚያድል ፈረንጅ ለልጅህ ብሎ ሰጣቸው። ሲያዩት ተራ የቼዝ ሰሌዳ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን የሚያስብ ነገር አለ። ጠጠሩን አንሥተን የሚሄድበት ቤት ላይ ጫን ስናደርገው ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ማሰብ ይጀምራል። ሲጨርስ «ጢጥ» ብሎ ይጮኽና ከየት ወዴት መሄድ እንደፈለገ በመብራት ይነግረናል፤ እጅ ስለሌለው የእሱንም ጠጠር የምናንቀሳቅስለት እኛው ነን። ይኼ ነገር ለኦቦ ጉደታ አልተዋጠላቸውም። «ይመታኛል፣ ደግሞ እኔው ላገለግለው?» ብለው አንድም ቀን ሳይጫወቱ ቀሩ።

ማሽኑ ሲያስብ እኔና ሌሊሳ ትንፋሻችንን ውጠን መቀመጣችንም ያናድዳቸው ነበር። በዚህ የተነሣ እሱ ዝም ባለ ቁጥር ተረት ያወሩልን ጀመር። ማሽኑ «ጢጥ» ሲል እኛ ወደ ሰሌዳው እንዞራለን፤ እሳቸው ይቀየማሉ። «እሱ ከተናገረ እኔ ዝም!» አሉ አንድ ምሽት፣ በዚያው ሕግ ሆነ። ተረቱ ማሽኑ እስኪጮኽ ይሄዳል፣ ሲጮኽ ከመሀል ቃል ይቆረጣል፣ እኛ ተጫውተን ማሽኑ እንደገና ማሰብ ሲጀምር ካቆመበት ይቀጥላል። ጨዋታው ካለቀ ግን ተረቱም የትም ይሁን የት አለቀ። ለምነን አይተን ነበር፤ እሳቸው እቴ! ስንቱ ጅብ አፉን እንደከፈተ፣ ስንቷ ሙሽራ በቅሎ ላይ እንደተቀመጠች ቀረ።

ቼዝ የተማርኩት እንግዲህ ለዚህ ነው። ማሸነፍ አላማረኝም፤ ተረቱ ሳያልቅ አለመሸነፍ ነበር የፈለግሁት። ሌሊሳ ቀን ቀን በዝቅተኛው ደረጃ ያለማምደኝ ነበር። ጠጠር ሲበላብኝ እጄ ወደ መመለሻዋ ቁልፍ ይሮጣል፤ እሱ እጄን ይይዝና «አቦ ተረጋጊ! መጀመሪያ ለምን እንደበላሽ ንገሪኝ» ይለኛል። ነግሬው ነው የሚለቀኝ። ቀስ በቀስ ንግሥቴን ቶሎ አለማውጣት፣ ንጉሤን ጥግ ማስገባት፣ ወታደሮቼን ማያያዝ ለመድኩ። ደረጃው ከፍ ሲል ደግሞ ማሽኑ ብዙ ስለሚያስብ ተረቱ ይረዝማል። ኦቦ ጉደታ ከፍሙ በላይ አሻግረው ሰሌዳውን ያዩና «ዛሬ ደህና ነን፣ ኢንተላ ኮ?» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ከዚያ ማስተር ፕላን የሚባል ቃል በየሰው አፍ ገባ። ከተማው ሊሰፋ ነው፣ የገበሬው መሬት ሊጠቃለል ነው ተባለ። ኦቦ ጉደታ ባቄላ የሚዘሩባት ቁራሽ መሬት ላይ የማናውቃቸው ሰዎች መጥተው ችካል ተክለው ሄዱ። እሳቸው ችካሉን እየዞሩ ባቄላቸውን ዘሩ። ሌሊሳ ግን እንቅልፍ አጣ።

ሱቁም ታክሲውም በተዘጋበት፣ እናቴም ቤት በዋለችበት አንድ ዝናባማ ቀን እሳቱ ከጠዋት ነደደ። የዕለቱ ተረት በሬው ስለጠፋበት ሰው ነበር፤ ሰውየው የበሬውን ዱካ ተከትሎ ከቡራዩ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ጫንጮ ደርሷል። እኔ ግን ንግሥቴ ተበልታ ልሸነፍ ነው። እንባዬ መጣ።

ሌሊሳ ሳቀብኝ። አጎንብሶ ቁልፎቹን ነካካና «ይኼ የመጨረሻው ደረጃ ነው» አለኝ። «ካላቆሙት ሲያስብ ይኖራል። አባ በሬውን ፈልጎ ያመጣልሻል። ማንም እንዳይነካው፣ ስመጣ እኔ አቆመዋለሁ።»

«ኤሳ ዴምታ?» ወዴት ነው፣ አሉት አባቱ።

«እዚሁ አስፋልት ድረስ። አሁን መጣሁ፣ አባ።»

ቀይ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ሰውየው ከጫንጮ ተሻግሮ ወደ ሆለታ ወረደ። ከአስፋልቱ በኩል መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ተኩስ ተሰማ። እናቴ ሮጣ የግቢውን በር ቀረቀረችና ወዳለንበት ጎጆ ብቅ አለች።

«ኦቦ ጉደታ፣ ልጁ የት አለ?»

«ይመጣል። ማሽኑን አቆማለሁ ብሏል» አሉና ወደ ተረቱ ተመለሱ።

ቀኑን ሙሉ አወሩ። ያን ያህል ረጅም ተረት ሰምቼ አላውቅም፣ እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውየውን በየደረሰበት መንደር ሰዎች እደር ይሉታል፤ እሱ ዱካው ትኩስ ነው እያለ ያልፋል። ተጂ ደረሰ። ሲመሻሽ ሰበታ ገባ። ከሰበታ ወዲህ እኮ ቤቱ ነው! በሬውን እየነዳ በግቢያችን በር ሲገባ ታየኝ። ኦቦ ጉደታ ግን በሩን ትኩር ብለው አዩና ሰውየውን አዙረው ወደ ተጂ መለሱት።

«ለምን አባባ? ደርሶ አልነበር?»

«ዱካው ወደዚያ ነው፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ።

በሩ ሲንኳኳ ሰውየው ወንዝ ሊሻገር አንድ እግሩን ነክሯል። የሰፈሩ ልጆች ሌሊሳን በጋቢ ተሸክመው አመጡት። ደረቱን ነበር የተመታው። ኦቦ ጉደታ አላለቀሱም፤ ጋቢውን ገልጠው ካዩ በኋላ ዝናብ እንዳይነካው መልሰው አለበሱት።

ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛ መጣ። አንድ ሰው ቦታ ሊያሰፋ ሰሌዳውን ሊያነሣ ሲል «እንዳትነኩት!» ብለው የጮኹት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። መብራቱ ከቀን ወደ ቀን እየደከመ ሄደና አንድ ጠዋት ስናየው ጠፍቷል። አልጮኸም።

እናቴ ከዚያ ግቢ ልታስወጣኝ ዕቃ ስትጠቀልል የሬዲዮናችንን የባትሪ ድንጋዮች አውጥቼ ወሰድኩላቸው። እጃቸው ላይ እያገላበጡ አዩዋቸው።

«ብንከትበት ካቆመበት ይቀጥላል?»

«አይ አባባ፣ አዲስ ጨዋታ ነው የሚጀምረው። ግን ጠጠሮቹ የት የት እንደነበሩ አውቃለሁ፣ መልሼ እደረድርልዎታለሁ።»

ድንጋዮቹን ኪሳቸው ከተቱ። እኔም ሌላ የምለው ቢጠፋኝ «ሰውየውስ? ቤቱ ገባ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ገና መች ጮኸና» አሉኝ።

አሁን ቼዝ የምጫወተው በስልኬ ነው፤ ጣቴን ሳላነሣ መልሱ ይመጣል፣ ለአንድ ተረት የሚሆን ፋታ እንኳ የለውም። ከሰው ጋር ስጫወት አልሸነፍ ባይነቴን ያደንቁልኛል፤ ከየት እንዳመጣሁት ግን አያውቁም። ተጋጣሚዬ አቀርቅሮ ብዙ ሲያስብ የዚያ እሳት ሽታ ይመጣብኝና ሰውየውን ከወንዙ ዳር አገኘዋለሁ። ራሴው ላሻግረውና ቤቱ ላስገባው ስንቴ ሞክሬያለሁ። በሰበታ አድርጌ እስከ ግቢው በር አመጣዋለሁ፤ እዚያ ሲደርስ ልቤ እንቢ ይለኛል። ሌሊሳ መጥቶ ማሽኑን ሳያቆም እንዴት ብሎ ይገባል።