ስልክ የሌላቸው ሰዎች ተጠሪ

መምህር ገነነን የማውቀው ፍኖተ ሰላም አብረን ስናስተምር ነው፤ እኔ ሒሳብ፣ እሱ የኮምፒውተር ፕሮግራም። ደረቅ ነው ይሉታል። ውሸት ነው፤ ሲቀልድ ራሱ ስለማይስቅ ነው።

ሙያውን የተማረው ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነበር። በሲ አንድ ነገር ሲደርስ የሚሠራው ሥራ የት እንደተጻፈ አድራሻውን ብቻ ሰጥተህ መሄድ ትችላለህ። በ2004 ዓ.ም. የሚያስተምረው ጃቫ የሚባል ቋንቋ ግን ይህን አይፈቅድም፤ ሥራውን የሚሸከም አካል ሠርተህ እሱን ነው የምትሰጠው። ተማሪዎቹ ግራ ሲጋቡ የመርዶን ነገር ያነሣላቸዋል። መርዶ ብቻውን አይሄድም፣ ሰው ተመርጦ ይላካል። ማንም ይሁን ማን፣ ሲጠሩት «አቤት» ብሎ የተባለውን ለማድረስ ቃል የገባ ይሁን እንጂ። ይህን ቃል ኪዳን «ተጠሪ» ብሎ ሰየመው፤ ቅጽ ላይ ከስማችን በታች የምንሞላውን ማለቱ ነው። «ጠሪ አክባሪ ነው» እያለም ያሾፍ ነበር።

በዚያው ዓመት ቡሬ ለሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ፕሮግራም ሠራ። አክታ ለምርመራ ባሕር ዳር ተልኮ ውጤቱ የሚመጣው ከቀናት በኋላ ነው፤ ሕመምተኛው ያን ጊዜ ገጠር ገብቷል። ስለዚህ ነርሷ ህይወት ውጤቱን ስታስገባ ፕሮግራሙ የሕመምተኛውን ተጠሪ ይጠራል። ስልክ ላላቸው የተሠራው ተጠሪ መልእክት ይልካል። ስልክ ለሌላቸው የታሰበው ደግሞ ወደ ቀበሌያቸው የሚሄድ ደብዳቤ ካርድ ክፍል ውስጥ ያትማል። ገነነ የመጀመሪያውን ጨረሰ። ሁለተኛውን ነገ እሞላዋለሁ ብሎ ትእዛዙ የሚጻፍበትን ቅንፍ ከፍቶ ባዶውን ዘጋው። ጃቫ የሚያየው ቃሉ መገባቱን እንጂ መፈጸሙን አይደለም፤ ዝም ብሎ አሳለፈው። ገነነም ረሳው።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ የሽንዲ ገበሬ ነበሩ፤ ስልክ የላቸውም። የሳንባ ነቀርሳ እንዳለባቸው የሚናገር ውጤት መጣ። ፕሮግራሙ ተጠሪያቸውን ጠራ፤ ባዶው ቅንፍ ምንም ሳይሠራ ተመለሰ፤ ከስማቸው ፊት «ተነግሯል» የሚል ተጻፈ። ህይወት ያንን አይታ፣ ዛሬ ነገ መጥተው መድኃኒት ይጀምራሉ ብላ ጠበቀች። በሦስተኛው ወር ከሽንዲ የመጣ ሰው ስትጠይቅ፣ ተቀብረዋል አላት።

ገነነ ሲነገረው ፕሮግራሙን ከፍቶ ባዶውን ቅንፍ አገኘው። በማግስቱ ሽንዲ ልሂድ አለ፤ ብቻውን ልለቀው ስላልቻልሁ አብሬው ሄድሁ።

የሟች ባለቤት አያ ባዬ በክብር ተቀብለው አስቀመጡን። ገነነ ቁጭ አላለም። ቆሞ፣ ጥፋቱ የእሱ እንጂ የነርሷ እንዳልሆነ፣ ደብዳቤውን ነገ እጽፈዋለሁ ብሎ እንደተወው፣ ሁሉንም ነገራቸው። ሽማግሌው ስለ ኮምፒውተሩ አንድም አልጠየቁም።

«‹በሽታ ቢገኝብኝማ ይጠሩኝ አልነበር? ዝም ያሉኝ ደኅና ሁኜ ነው› ስትል ነው የከረመች» አሉ። «ደም እየተፋች እንኳ እንዲያ ነበር የምትል።»

ገነነ እግራቸው ላይ ወደቀ። አያ ባዬ አነሡት፤ ይቅር ማለታቸውን ግን አልሰማሁም። እኔም ብሆን ቶሎ አልለውም ነበር።

በዚያው ሳምንት ቡሬ ሄዶ ቅንፉን ሞላ። ስልክ የሌላቸውን ሁሉ ፈልጎ የአሥራ አንድ ሰዎች ደብዳቤ አሳተመ፤ የሩቆቹንም በእግሩ ሄዶ አደረሰ። «ጠሪ አክባሪ» ሲል ከዚያ ወዲህ ሰምቼው አላውቅም።

ህይወት የሟቿን መዝገብ እንዝጋው ወይ ብትለው፣ ቆዪ አላት። ከወይዘሮ የሻሽወርቅ ስም ፊት «ተነግሯል» የሚለውን አጥፍቶ፣ «አልተነገራቸውም» ብሎ ጻፈበት።