የአገረ ገዥው ደብዳቤ ፊቲያ ሲደርስ

ወደ ስቶክሆልም የሄድኩት ለአንድ ምዕራፍ ብዬ ነው። በወጣትነታቸው ደብረ ማርቆስ ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩ አንድ አሜሪካዊ፣ ኋላ በአገራቸው የአንድ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ፣ ቀጥሎም ሴናተር ሆነዋል። ሲያርፉ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው ታሪካቸውን በአማርኛ እንድጽፍ ጠየቁኝ። የስንዴ ገበሬ ልጅ መሆናቸውን፣ የሕግ ትምህርታቸውን፣ ሁለት ጊዜ አገረ ገዥ መሆናቸውን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለሴናተርነት ተወዳድረው መሸነፋቸውን ጽፌ ጨርሻለሁ። የቀረው ጋሽ ፈለቀ ጋ ነበር።

ጋሽ ፈለቀ የሰውየው ጎበዝ ተማሪ ነበሩ። በስደት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳሉ ለመምህራቸው ደብዳቤ ጽፈው እርዳታ እንደለመኑና እንደተከለከሉ ከአርባ ዓመት በላይ ሲናገሩ ኖረዋል። ከመነሳቴ በፊት ግን የሴናተሩ ልጅ ያንኑ ደብዳቤ ከአባቷ ፋይል አውጥታ ኮፒውን ላከችልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጋሽ ፈለቀ ምንም አልለመኑም። ይህን ወረቀት ይዤ እንዴት ፊታቸው እንደምቆም እያሰብኩ በአውሮፕላኑ ውስጥ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ

አርላንዳ ያረፍነው በጠዋት ነው። በባቡር መሀል ከተማ ገብቼ ለአንድ ቡናና ለአንድ የቀረፋ ዳቦ ሰማንያ ክሮነር ከፈልኩ፤ ወደ ብር መመንዘር ጀምሬ ልቤ ሲደክም ተውኩት። ከዚያ ቱነልባና የሚሉትን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ቀዩን መስመር ይዤ ጋሽ ፈለቀ የሚኖሩበት ሰፈር ፊቲያ ወረድኩ። ከፎቆቹ ማዶ ሜላረን ሐይቅ ግራጫ ሆኖ ተኝቷል። የበሩን ኮድ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በመጨረሻ የጋሽ ፈለቀ ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ወርደው ከፈቱልኝ።

ምሳው ሳልሞን፣ ቅቅል ድንችና ሚጥሚጣ ነበር። ጋሽ ፈለቀ ቱነልባና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው።

«ጻፍ!» አሉኝ ገና ሹካ ሳላነሳ። «ለምኜው ጨከነብኝ ብለህ ጻፍ። ያን ጊዜ አገረ ገዥ ነበር፤ የፈለግኩት አሜሪካ የሚያስገባኝ አንድ ፊርማ ነው። የላከልኝ ግን ቃለ መሐላ ሲፈጽም የተነሳውን ፎቶ!»

«ጋሽ ፈለቀ፣ ያ ደብዳቤ እኮ...» ስል ወይዘሮ አልማዝ ድንች ጨመሩልኝ። የሰው ዓሣ እየበላሁ ሽማግሌ ማሳፈር አቃተኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ፈለቀ የትቬትስቱጋ ተራ ነበራቸው፤ ነዋሪው ሁሉ በቀጠሮ የሚያጥብበት የሕንጻው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ዘንቢሉን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ማሽኑ መዞር ሲጀምር ስለ ጉልበታቸው ጠየቅኩ። ስለ ክረምቱ ጠየቅኩ። ስለ ልጆቻቸው ሥራ ጠየቅኩ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «ከትናንት ጀምሮ ዙሪያ ጥምጥም ትላለህ። የምትፈልገውን ለምን አትናገርም?»

ኮፒውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። መምህራቸው አማርኛ ያነቡ ስለነበር በአማርኛ የተጻፈ ነው። መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ። ጤናዎ እንደምን ነው? ባለቤትዎስ? ልጅዎስ? የአባትዎ እርሻ እንዴት ነው? ለሹመትዎ እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁን ያለሁት ገዳሪፍ ነው።»

ወረቀቱን ገልብጠው አዩት።

«ሁለተኛው ገጽስ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ገዳሪፍ ብያለሁ እኮ! ሰው በደህና ጊዜ ገዳሪፍ ምን ይሠራል? ይገባዋል ብዬ ነው። እሱ ራሱ ምን ቸገረህ ሲለኝ እናገራለሁ ብዬ ነው።»

ከግርጌው አገረ ገዥው በእጃቸው አንድ መስመር ጽፈዋል፤ ጣቴን አስቀምጬ አሳየኋቸው። «ፈለቀ ደህና ነው፤ ተመስገን» ይላል።

ማሽኑ ጨርሶ ጮኸ። ጋሽ ፈለቀ አልተነሱም። «ለልጆቼ ሁሉ ነግሬያለሁ» አሉ፣ «ስሙን አጥፍቻለሁ።» አሳዘኑኝ፤ ምነው ባላመጣሁት ኖሮ አልኩ። ልብሱን እኔ አወጣሁ።

ያን ቀን ስለ መጽሐፉ አላነሱም። በማግስቱ ስሰናበታቸው ቸር ያግባህ ብቻ አሉኝ። ደብዳቤውን ላትመው ወይስ ልተወው ብዬ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ፣ ስለ አየሩ አንድ ነገር ተናግሬ ወጣሁ።

እሁድ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ስፈታ በራሴ ተናደድኩ። ጋሽ ፈለቀ በደብዳቤ ያደረጉትን እኔ ደጃቸው ላይ ቆሜ ደገምኩት። እኛ ችግራችንን ሰው እንዲያውቅልን እንጠብቃለን፤ ሳያውቅልን ሲቀር እንቀየመዋለን። ከጉዞዬ ያተረፍኩት ይህን ማየት ነው። ምዕራፉን ግን ያለ እሳቸው ፈቃድ መጻፍ አልቻልኩም።

በሦስተኛው ቀን ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። የጋሽ ፈለቀ ነው።

«ደብዳቤውን እንዳለ አትመው። የመምህሬን ልጅ ስልክ ላክልኝ፤ ይቅርታ ልጠይቃት እፈልጋለሁ።»

ጤና ይስጥልኝ የለ፣ በሰላም ገባህ ወይ የለ። እንዲህ ደስ ያለኝ መልእክት አላስታውስም። ቁጥሩን ወዲያው ላክሁላቸው።