የኢድ ቀለም

የጋለ ቀለም ሽታ በነፋስ ሲመጣብኝ እስከ ዛሬ፣ ወዲያው የአባቴ አሮጌ ፒክአፕ በኬንያው ሞያሌ፣ ቡቲዬ ሰፈር ከነበረው ግቢያችን መሃል ተገትራ ትታየኛለች፤ ቁልፉ ይዞራል፣ «ጠቅ» ትላለች፣ ከዚያ ዝም።

አባቴ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ሸቀጥ እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር፣ ያቺን መኪና ደግሞ እንደ ልጁ ነበር የሚያያት፤ ለኢድ ለእኛ ልብስ ሲገዛ ለእሷም ቀለም ይገዛላት ነበር። በዚያ ዓመት ሰማያዊ ቀባት። ከላይ ብቻ ቢቀባት ምን ነበረበት! ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከባትሪው ወርዶ ብረቱ ላይ የሚታሰረውን ሽቦ ፈትቶ፣ ሥሩን ሁሉ ሰማያዊ አድርጎ መልሶ አሰረው።

ከኢዱ ወዲህ መነሳት እምቢ አለች። በቦናው፣ ምድሩ ደርቆ አቧራው እንደ ዱቄት ሲቦን፣ ጠዋት ጠዋት እየገፋን እናስነሳት ነበር፤ ጎረቤቶቻችን በስዋሂሊ «ሱኩማ! ሱኩማ!»፣ ግፉ ግፉ፣ እያሉ እየሳቁ ያግዙን ነበር፣ የእኔም ትምህርት በዚያው ግፊያ ተንጠባጥቦ ቀረ። አባቴ ባትሪ ለወጠ፤ ጠቅ። ከማንያታ ሰፈር የመጣው ፉንዲ፣ መካኒኩ፣ ማስነሻ ሞተሪኖዋን ፈትቶ ጠጋግኖ ገጠመ፤ ጠቅ።

«ሁለተኛ ሚስት አግብተህ፣ እኔን ግፊልኝ ትለኛለህ!» ትለው ነበር እናቴ።

ዝናቡ ሲገባ መግፋትም ቀረ፤ ጭቃው እግራችንን ይውጠው ነበር። አንድ ቀን ከአስር ሰላት በኋላ ትንሿ እህቴ ሰሚራ በትኩሳት ነዳ፣ ደረቷ እያፏጨ፣ ትንፋሽ አጠራት። በዚያ ጭቃ ሐኪም ቤት የሚያደርሰን ሞተር ሳይክል አልተገኘም። አባቴ ቁልፉን አዞረ፤ ጠቅ። ደገመ፤ ጠቅ። እኔ ሰሚራን ታቅፌ፣ ፉጨቷ ሲቆም ልቤ አብሮ ይቆም ነበር።

«ይሄ ቀለም እስካሁን አይደርቅም እንዴ? ቁልፍ ባዞርክ ቁጥር ይሸታል!» አለች እናቴ በንዴት።

«አዲስ ነው እኮ።»

«የኢዱ ቀለም? ጨረቃዋ ስንቴ ሞላች፣ የዘይነብ አባት!» አለችው፣ በእኔ ስም ጠርታ።

ኮፈኑን ከፍታ አፍንጫዋን አስቀድማ ሥሩ ገባች፣ ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ነካችና «ውይ!» ብላ እጇን ሳበች። «እሳት ነው! የሚሸተው ይሄው!»

አባቴ ፈታው። ቀለሙ ከሥር ተጋግሮ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ከልክሎት ኖሯል። ብረቱ እስኪያብለጨልጭ በቢላ ፋቀው፣ አጥብቆ አሰረው፣ ቁልፉን አዞረ፤ ተነሳች። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ያለችው አባቴን ረግማ ከጨረሰች በኋላ ነው።

ሰሚራ ዛሬ የልጆች እናት ናት። የባሌ መኪና ደግሞ ቁልፍ እንኳ የላትም፣ በጣት ሲጫኗት ትነሳለች። ግን የመጨረሻዋ ልጄ ደረት እንደ አክስቷ ያፏጫል፣ ስለዚህ መኪናዋ ግቢ ስትቆም ፊቷ ወደ ቁልቁለቱ ካልዞረ እንቅልፍ አይወስደኝም።

«አውቶማቲክ ናት እኮ፣ ብትገፊያትም አትነሳም» ይለኛል ባሌ።

አውቃለሁ። ቢሆንም አዙራት እለዋለሁ።